የይማርሽ ጾም

ላሊበላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለዘነቡ፤

አገር ቢርቅ ሰላምታ መንገድ አይጠፋውምና፣ ከላስታ ብርድ እስከዚያኛው ብርድ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶ የአውሮፕላኑ ሜዳ ደርቋል፤ ሐምሌ ላይ የጻፍሽው ደብዳቤ በመስቀል ማግሥት እጄ ገባ። እናትሽን እትዬ ወለተ ሐናን ብልባላ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ዓይናቸው ትንሽ ደከመ እንጂ አፋቸው ያው ነው። «ልጄ ባሕር ተሻግራ ጭንቅላቱ የታመመ ሰው ታስታምማለች አሉ፤ ለዚህ ለዚህማ እዚሁ መቼ ታጣ» ብለው አስቀውኛል። ልጄ ይማርሽ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ ጉልበትሽን ትስማለች።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። በትምህርት ቤታችን አንዲት ጎበዝ ተማሪ አለች። ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ዝም አለች፤ እህል አትቀምስም፣ እንቅልፍ የላትም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አብራት የምትቀመጥ ባንችይርጋ የምትባል ልጅ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ አዳልጧት ሞተችብን። ፍትሐቷም ተፈትቶ በወግ ተቀብራለች። እኔም እንደ ምክትል ርእሰ መምህርነቴ የምችለውን አድርጌያለሁ። ልጆቹ እያዩ እንዳይረበሹ ብዬ ሁለቱ ይቀመጡበት የነበረውን ዴስክ በዚያው ሳምንት አስወጣሁ፤ ስሟንም ከስም መጥሪያው ሰረዝኩ። ልጅ ቶሎ ይረሳል። ይቺ ግን አልረሳችም።

እናንተ ዘንድ የምግብ ፍላጎት የሚከፍትና የሚያስተኛ ኪኒን አይጠፋም። ሰው ሲመጣ ብትልኪልኝ ልጅቱን አዳንሽ ማለት ነው።

ወንድምሽ
አረጋ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ አረጋ፤

ያስተማሩኝን ፊደል ይዤ እዚህ ስለደረስኩ በዚያው ፊደል ጤናዎን እጠይቃለሁ። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የነቢያት ጾም ገባና የሆስፒታላችን ወጥ ቤት ተቸገረብኝ፤ ሥጋ አልበላም ስላቸው ዓሣ ያመጣሉ፣ ዓሣም ይቅርብኝ ስላቸው አንቺንም እናስተኛሽ ወይ ይሉኛል።

ጋሼ፣ ኪኒን አልልክም። ሐኪም ያላያት ልጅ በፖስታ ኪኒን አይላክላትም፤ ከረሜላ አይደለም። ይልቅ ልጠይቅዎ። ያን የውሃ መንገድ ባንችይርጋ ከስንት ዓመቷ ጀምሮ ነው የተመላለሰችበት? እንስራ ተሸክመን ዓይናችንን ጨፍነን የምንወጣው መንገድ አይደለም ወይ? እንዴት አዳለጣት? እኔ አላውቅም፣ እርስዎም ላያውቁ ይችላሉ። ያቺ አብራት የነበረችው ልጅ ግን የምታውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም።

እዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መምህራኑ ዴስኩን አያስወጡም። የሞተችውን ልጅ ስሟን ጠርተው ያለቅሷታል፤ ከዚያ ከልጆቹ ማን እንደደነገጠ፣ ማን እንደራቀ፣ ማን መብላት እንዳቆመ እያዩ ለብቻ ወስደው ያነጋግሩታል። ልጅ አይረሳም ጋሼ። ዝም ማለትን ነው የሚማረው። ልጅቱን ጠርተው በግልጽ ይጠይቋት፤ መሞት ታስቢያለሽ ወይ ብለው። ይህን በመጠየቅዎ ሐሳቡን አይሰጧትም፤ ካለ ጥያቄው ያወጣዋል።

ደግሞስ ያ የደረጃ ንባብ አሁንም አለ? በወላጅ ፊት በሰልፍ አቁመው ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የሚያነቡት? እኔ አንድ ጊዜ ሠላሳ ስምንተኛ ወጥቼ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስትጥል አይቻለሁ። እርስዎ ነበሩ አንባቢው። ድምፅዎማ ያምር ነበር።

ይማርሽን ጉንጯን ይሳሙልኝ። በቶሎ ይመልሱልኝ።

ዘነቡ


ላሊበላ፣ የካቲት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለዘነቡ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ጥምቀት ሳይደርስ ደርሶኛል። ለመመለስ የዘገየሁት የመንፈቁ ፈተና እርማት ስለነበረብኝ ነው።

ልጄ፣ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ግን የአገርሽን ወግ አያስረሳሽ። ክፉ ነገር ስሙን ካልጠሩት አይመጣም፤ እኔ ሽማግሌው ሰውዬ ላንዲት አሥራ አምስት ዓመት ላልሞላት ልጅ መሞት ታስቢያለሽ ወይ ልበላት? አፌስ ይታዘዘኛል? የባንችይርጋም ቤተሰብ ያዘነው ይበቃዋል። አዳለጣት ካሉ አዳለጣት ነው። ጓድ ርእሰ መምህራችንም ጉዳዩ በትምህርት ቤቱ ቅጥር እንዳይነሣ አዘዋል። በአብዮታዊ ወጣት ዘንድ እንዲህ ያለ ጭንቀት የለም፣ ቢኖርም የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው ብለዋል። እኔም ተዘጋ ብዬ ተውኩት።

የደረጃውን ንባብ ጠይቀሻል። አዎ፣ አለ። ጥር መጨረሻ ላይ አንብበናል። ያቺ ያልኩሽ ልጅ አምና ሁለተኛ የነበረችው ዘንድሮ አርባ ሦስተኛ ወጣች። አባቷም እዚያው ሰልፉ ላይ ነበር። አላለቀሰችም፣ አንገቷንም አልደፋችም፤ የሌላ ሰው ስም የተጠራ ይመስል ቀጥ ብላ ቆመች። ይህን ጥንካሬ ነው ያልኩት።

ለነገሩ ደህና ናት ማለት ይቻላል። በዚህ በነነዌ ጾም ሦስቱን ቀን ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ቄሱ በሰው ፊት አመስግነዋታል። እግዚአብሔርን የያዘች ልጅ ምን ትሆናለች? ስለዚህ ኪኒኑ ቀርቷል። ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚረዳ የሒሳብ መጽሐፍ ካገኘሽ እሱን ላኪልኝ።

ስለ ሌላው ነገር እባክሽ ሁለተኛ አትጻፊልኝ። ደብዳቤ በመንገድ ላይ እንደሚከፈት ታውቂያለሽ።

አረጋ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሼ አረጋ፤

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ነው፤ ዛሬ ግን አላሳምርም። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይማርሽ ጉልበቴን ሳትስም የቀረችበት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። እኔም ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ይማርሽ ስምንተኛ ክፍል ናት። ይማርሽ አምና ሁለተኛ ወጥታለች፤ ራስዎ ጽፈውልኝ ነበር። ሰልፉ ላይ ነበር ያሉኝ አባት ወረቀቱን ይዞ ያነበበው ራሱ ነው እንዴ?

እንደ እሱ ከሆነ እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ፣ ይህን ደብዳቤ ሳይጨርሱ አያስቀምጡት።

ስለ ወንድሜ ስለ ጋሻዬ ልነግርዎ ነው። በዚያ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ሚኒስትሪ ወድቆ በድጋሚም ወድቆ፣ በ1962 የሞተውን። እርስዎ እኛ ቤት መጥተው በነፍስ አባታችን በአባ ገብረመስቀል መስቀል ምለው «አዳልጦት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። እርስዎ በዚያ ቀን ላሊበላ እንጂ ብልባላ አልነበሩም። በገዛ እጁ መሞቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የማሉት ፍትሐት እንዳይከለከል፣ ከአባቶቹ መካነ መቃብር እንዳይወጣ ብለው ነው። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግንዎታለሁ እንጂ አልቀየምዎትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። እናቴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጇን በስሙ ጠርታ አላለቀሰችም።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ጋሻዬ ዕቃውን ሲያድል ነበር። ቀበቶውን ለአጎቴ ልጅ ሰጠ። ለእኔ ያችን ከወልድያ ያመጣትን ባለ ሁለት ቀለም እርሳስ ሰጠኝ። እኔ ደስ አለኝ። እናቴ ልጄ ለጋስ ሆነ ብላ መረቀችው። ለምን ትሰጣለህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። እዚህ አገር መጀመሪያ ያስተማሩን ነገር ይኸው ነበር፤ ዕቃውን የሚያድል ልጅ ካያችሁ አትደሩ፣ ያንኑ ቀን ጠይቁት። በትምህርቱ መካከል ተነሥቼ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ይጠይቋት፣ ነገሩን በስሙ ጠርተው። አዎ ካለች አይቆጧት፣ አያስምሏት፣ ኃጢአት ነው ብለው አይጀምሩ፤ ይስሟት ብቻ። ብቻዋን አትዋል፣ ብቻዋን አትደር። ጉዳት የሚያደርስ ነገር ከቤት ይራቅ። ወልድያ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ጠበሉን አልከለክልም፤ አብረዋት ይሂዱ። ጾሟን ግን አያመስግኑ። ያ ጾም አይደለም።

ዘነቡ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእኅቴ፣ ለእናቴም ልበልሽ፣ ለዘነቡ፤

ሰላምታውን በምን ቃል ልጀምር፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ ብዬ ልጀምር። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አላስገባሁትም። ሸዕባን የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ጋሸና ላይ ተቀብሎኝ አዲስ አበባ ይጥልልኛል።

ይማርሽ ናት። የደበቅሁሽ አንቺን ብቻ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ራሴንም ነው።

ደብዳቤሽ ወልድያ ላይ ይሁን ሌላ ቦታ ሲንከላወስ ከርሞ፣ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ፣ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁዳዴውን ሙሉ ልጄ በቀን አንድ ጊዜ ጭብጥ ቆሎ ነበር ምግቧ። እኔ አባቷ ምን ሳደርግ ነበር? ጎረቤት ሲመጣ አሳያት ነበር። እዩዋት፣ እንደ ባሕታዊ ትጾማለች፣ ከእኔ ከአባቷ ትበልጣለች እል ነበር። ሰዉም ይመርቃታል፣ እሷም ዝም። የፋሲካ ለት ዶሮው ቀረበ። ጉርሻውን አፏ ውስጥ አስገብታ መልሳ በእጇ አወጣችው። እናቷ ጾሙ ለምዶባት ነው አለች። እኔም አዎ አልኩ። አቤት የእኛ ነገር!

ማክሰኞ ለት ቢሮዬ ተቀምጬ ዕቃውን የሚያድል ልጅ የሚለው ጋ ደረስኩ። በዚያው ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ ሸጌ የይማርሽን ኮምፓስ ይዛ አይቻታለሁ። ከደሴ የገዛሁላት፣ ማንም እንዲነካባት የማትፈልገው ኮምፓስ ነው። ከየት አመጣሽው ስላት ይማርሽ ሰጥታኝ ነው፣ ነጠላዋንም ለእኅቴ ሰጠቻት አለችኝ። እኔም የልቤን ልንገርሽ፣ የልጄ ደግነት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር ያለፍኩት። ደብዳቤሽን ይዤ ተነሣሁ። ደወሉን ሳልጠብቅ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ በሃምሳ ዓመቴ በገበያው መካከል የሮጥኩት ያን ቀን ነው። ደብተሮቿን ለይታ እየደረደረች አገኘኋት።

እዚያው ልጠይቃት ብዬ አፌ እምቢ አለኝ። እናቷን ከአጠገቧ እንዳትለይ አደራ አልኳት። በማግሥቱ ጠዋት እትዬ ወለተ ሐናን እንጠይቅ ብያት የብልባላን መንገድ ያዝን። ገና ከከተማው ስንወጣ ስለ ጋሻዬ ጀመርኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። በሐሰት መማሌን ነገርኳት። አባቷ በመስቀል ዋሽቶ እንደሚያውቅ ስትሰማ ቆም ብላ አየችኝ። ያኔ ቀና ብዬ ጠየቅኋት።

«ይማርሽ፣ አንቺም ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል ወይ?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አህያ የጫኑ ገበያተኞች ደህና አደራችሁ ብለውን አለፉ።

«አዎ አባዬ» አለችኝ። «ማን ነገረዎ?»

ዘነቡ፣ እኔ የጠበቅሁት የደረጃውን ነገር ነበር። አርባ ሦስተኛ ብዬ ስላነበብኳት ነው ብዬ። እሱም አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ለምን እንደምትማር አልገባትም። ሥሩ ግን ሌላ ነው። ባንችይርጋ አስቀድማ ነግራት ነበር። በዚያ እኔ ባስወጣሁት ዴስክ ላይ ተቀምጠው መሞት እንደምትፈልግ ነገረቻትና «ለማንም እንዳትናገሪ፣ በሚካኤል ገዝቼሻለሁ» አለቻት። የእኔ ልጅ ግዝት አይፈርስም ብላ ዝም አለች። በአራተኛው ቀን ባንችይርጋ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ይቺ ልጅ ብናገር ግዝት አፈርሳለሁ፣ ባልናገር እኔ ገድያታለሁ ስትል ነው የከረመችው። ግዝት ያፈረሰ አይበላም ይባላል፣ እሷ ሳታፈርሰውም አልበላም አለች። እኔ ደግሞ ስሟን ሰርዤ፣ ዴስኩን አውጥቼ፣ የሚጠይቅ እንዳይኖር አድርጌ አፏን በላዩ ላይ ዘጋሁባት።

እዚያው መንገድ ዳር አብሬያት አለቀስኩ። አላፈርኩም።

ብልባላ ስንደርስ ቀጥታ አባ ገብረመስቀል ዘንድ ገባን። አርጅተዋል፣ ሰው ደግፎ ነው የሚያስቀምጣቸው። እሷ ግዝቷን ተናገረች። ልጅ ልጅን አይገዝትም፣ ነፍስ ለማዳን የሚነገር ነገር ግዝት አይይዘውም ብለው በመስቀላቸው ፈቷት። እኔም ተንበርክኬ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ውሸቴን ተናዘዝኩ። ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ያኔም አላመንኩህ» አሉኝ። «ፍትሐቱን የፈታሁት የታመመ ልጅ ስለሆነ ነው። አንተ ባትምልም እፈታው ነበር፤ ማን ጠየቀኝ?»

ማንም አልጠየቃቸውም፣ ዘነቡ። መሐላዬ ለከንቱ ነበር፤ ዝምታው ግን ቤታችሁን በላው።

ከዚያ እናትሽ ቤት ገባን። ጉዳያችንን ስነግራቸው አጉረመረሙ፣ ተነሡ፣ ተቀመጡ። በኋላ ይማርሽን ከጎናቸው አስቀምጠው «ጋሻዬም እንዲህ ነበር የሚቀመጠው፣ ጉልበቱን አቅፎ» አሏት። ስሙን ሲጠሩ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ እንቁላል ቀቅለው ልጠው ሰጧት። ግማሹን በላች።

አሁን ማታ ማታ እናቷ አጠገብ ትተኛለች። እኔ ምን ላድርግ? ለትምህርት ቤቱስ ምን ልበል? ጋሻዬን ስሙን ጠርቼ ለመምህራኑ ብናገር ትፈቅጂልኛለሽ?

አረጋ


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 16 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለጋሼ አረጋ፤

ምሕረቱ ከቤትዎ አይለይ። ደብዳቤዎን ተረኛ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ አለቃዬ ሴትዮ አይታኝ ሁለት ሰዓት እረፍት ሰጠችኝ። እናቴ ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ እንዴት ነበር? ይህን ይጻፉልኝ። ከዚህ በኋላ ከእርስዎ የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

አሁን ደስታው እንዳያታልለን። አዎ ማለቷ መዳን ማለት አይደለም፣ መንገዱ መጀመሩ ነው። ደህና የምትሆንበት ሳምንት ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ የምትወድቅበት ቀን ይመጣል። በተከፋች ቁጥር መጠየቅ አይታክትዎ። ወልድያ ይውሰዷት፣ ፈተናው ደረሰ ብለው አያዘግዩ። ፈተና በዓመቱ ይመጣል።

ለትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ መምህር አሥር አሥር ልጅ ይያዝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ስለ ትምህርት ሳይሆን ስለ ራሳቸው ይጠይቃቸው። ልጆቹንም ይህን ያስተምሯቸው፦ ጓደኛሽ መሞት እፈልጋለሁ ካለችሽ ምስጢር አይደለም፣ ለትልቅ ሰው ንገሪ፤ ጓደኛ ከምትሞት ተቀይማ ብትኖር ይሻላል።

ጋሻዬን ይጥሩት። ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ይጥሩት።

ዘነቡ


ላሊበላ፣ ሰኔ 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለዘነቡ፤

እንኳን ለዝናቡ አደረሰሽ ብዬ ልጀምር፣ እዚህ ዛሬ ጣለልን። አውሮፕላኑ ሊቋረጥ ስለሆነ ባጭሩ ልጻፍ።

ወልድያ ሄደን ሐኪም አይቷታል፣ ለሐምሌም ቀጥሯታል። ትበላለች፤ የማትበላበት ቀንም አለ። ባለፈው ሐሙስ ከአልጋዋ አልነሣ አለች። ጠየቅኋት። ዛሬ ከባድ ነው አለችኝ፣ ከትምህርት ቤት ቀርቼ አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። መጠየቁን እስካሁን አልለመድኩትም።

ዴስኩን መልሼ አስገባሁት። የባንችይርጋን ስም በመጥሪያው ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩና ክፍሉ ቆሞ አለቀሰላት። ጓድ ርእሰ መምህሩ ጠርተው ገሥጸውኛል፤ ወደ በላይ አካል እንዳይጽፉብኝ እሰጋለሁ። ከመምህራኑም አሥር ልጅ እይዛለሁ ያሉኝ አራት ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሳቀ። ጋሻዬን ግን ነገርኳቸው፣ ከነአባቱ። ከሳቁት አንዱ ማታውኑ ቤቴ መጥቶ የራሱን እኅት ነገር ነገረኝ። አምስት ሆኑልኝ። የሰኔው ደረጃ በሰልፍ አይነበብም፤ ለየወላጁ በእጁ እሰጣለሁ። ድምፄ ያምር ነበር ብለሽ የለ፣ እንግዲህ ለቅዳሴ ይሁን።

የእናትሽን ድምፅ ጠይቀሽኛል። ሕፃን ከሜዳ እንደሚጠራ ሰው ነበር የጠሩት፣ ለምሳ።

ከዚህ በታች ያለውን ራሷ ናት የጻፈችው። አላነበብኩትም።

አረጋ


ለእትዬ ዘነቡ፤

ጉልበትዎን እስማለሁ። ባለፈው ሳልስም የቀረሁት ረስቼ አይደለም።

ዴስኩ ላይ ብቻዬን ነው የምቀመጠው። መምህሩ ሌላ ልጅ ላስቀምጥልሽ ወይ አሉኝ፣ ገና ነው አልኳቸው። አንዳንድ ቀን አሁንም ያ ሐሳብ ይመጣል። ሲመጣ ለአባዬ እነግራለሁ፤ እሳቸው ከሌሉ ለእማዬ።

ኮምፓሴን ከሸጌ መልሼ ወሰድኩ። አንዴ ሰጥተሽኛል፣ አልመልስም ብላኝ ነበር። ለምን እንደሰጠኋት ስነግራት አለቀሰችና አመጣችልኝ። ፈተናው ሰኞ ነው፤ ያስፈልገኛል።

ይማርሽ አረጋ